መብራት በመጣ ቁጥር

በሐዋሳ ኮምፒውተር አይዘጋም፤ ይነቀላል። እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ ካለች ጠባብ ክፍሌ ውስጥ የሰው ኮምፒውተር እየፈታሁና እየገጠምኩ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝና ይህን ለቀልድ አልናገረውም። ጸሐፊዋ ቦርሳዋን ታነሳለች፣ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ትላለች፣ ሶኬቱን መንጭቃ ትነቅላለች፣ ትወጣለች። ለምን ብትሏት መልሱ አፏ ላይ ነው፤ «መብራት ሄዶ ሲመጣ ያቃጥላል» ትላለች። እውነቷን ነው። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር የከተማው ሰው ሁሉ እጁ ወደ ሶኬት ይሄዳል። ነጎድጓዱ ሳይደርስ ቴሌቪዥኑም፣ ፍሪጁም፣ ፎቶ ኮፒው ማሽንም ተነቅሎ ያልቃል። የተነቀለ ዕቃ አይቃጠልማ። እኔም ለደንበኞቼ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ከሆነው ሁሉ በኋላም እመክራለሁ፣ ምን ላድርግ።

ችግሩ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ሰው ሳያየው በቀጠሮ የሚሠራ ሥራ መኖሩ ነው። «በየቀኑ በዚህ ሰዓት ይህን አድርግ» ተብሎ ይታዘዛል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ያደርጋል። ፋይል ይገለብጣል፣ የማይረባውን ይጠርጋል፣ ለሰው መልእክት ይልካል። ሰዓቱ ሲደርስ ተነቅሎ ከሆነስ? አይሠራማ። በነጋታው ሲሰካ ደግሞ «ትናንት ያልሠራሁት ነበረ» አይልም። ቀይ መብራት አያበራም፣ አይጮኽም፤ ዝም ብሎ የሚቀጥለውን ሰዓት ይጠብቃል። መላ ግን አለው። «ካመለጠህ እንደበራህ ሥራው» የምታሰኝ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ ምልክት ካደረጉባት ይበቃል። ከዚያም የተሻለ፣ ጭራሽ ሰዓት የማይጠይቅ ሌላ አሠራር አለ። ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር «ይህ ሥራ ከተሠራ ስንት ጊዜ ሆነው?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል፤ ጊዜው አልፎ ከሆነ ወዲያው ይሠራዋል። ለእኛ የሚሆነን ይሄኛው ነበር። እኛ ግን መብራት የማይጠፋበት አገር ሰው ለራሱ የሠራውን እንደወረደ እንገጥመዋለን።

ይህን ሁሉ ማውራቴ ስለ እህቴ ነው።

እህቴ የልብ ሕመምተኛ ነበረች። ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን ያማታል፣ ጉልበቷ ያብጣል፤ «ብርድ ነው» እየተባለ ታለፈ። ሲደረስበት የልቧ ቫልቭ ተጎድቶ ተገኘ። ሐኪም ያዘዘላት በየአራት ሳምንቱ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ነው፣ ለብዙ ዓመት። መርፌው የተጎዳውን አይመልስም፤ ጉሮሮዋን ሲያማት በሽታው ተመልሶ ልቧን እንዳያገኘው ይጠብቃታል። ካላቋረጠች ትሠራለች፣ ምናልባትም ትወልዳለች ተባልን። ካቋረጠች ምን እንደሚመጣም ሳይሸፍኑ ነግረውናል። አላቋረጠችም። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሕፃናት ታስተምር ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ስትዘምር ውላ ማታ ድምጿ ጎርንኖ ትገባና እኔን ለመሳደብ ግን ድምፅ አታጣም ነበር።

መጀመሪያ ላይ የመርፌዋን ቀን የምትጠብቀው እናቴ ነበረች። እናቴ የአስተማሪ ሚስት ሆና ከሰሜን ወደዚህ ከተማ የመጣች፣ አባቴም ከሞተ በኋላ እዚሁ የቀረች ሴት ናት፤ ወሩን የምትቆጥረው በታቦት ነው። የመጀመሪያውን መርፌ የተወጋችው በሚካኤል ዕለት ስለነበር ነገሩን ለሚካኤል ሰጠችው። በየወሩ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ «አንቺ ልጅ፣ መርፌሽ!» ትላለች። አራት ሳምንትና አንድ ወር እኩል አይደሉምና ሁልጊዜ ሁለት ቀን ያህል ይዘገያል። ይሁንና አንድም ጊዜ ቀርቶ አያውቅም። ክሊኒኩም፣ ከቤታችን ብዙ የማይርቅ ትንሽ ክሊኒክ ነው፣ የሚቀጥለውን ቀን ካርዷ ላይ ይጽፍላት ነበር።

ኋላ ክሊኒኩ ኮምፒውተር አስገባ። ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ገጠመና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ካርድ ላይ ቀን መጻፍ ቀረ፤ «መልእክት ይደርስዎታል» ሆነ ነገሩ ሁሉ። እውነትም ይደርስ ነበር። ኔትወርክ ሳይጨናነቅ ሊነጋጋ ሲል ነው የሚልከው፤ ያኔ ኮምፒውተሩ ሌትና ቀን እንደበራ ነበር የሚያድረው። «ነገ የመርፌ ቀንዎ ነው። እባክዎ አይቅሩ።» እህቴ ስልኳን ከፍ አድርጋ ታሳየናለች።

«በዚህ ከተማ አንቱ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው» ትላለች። «እናንተ ተማሩ!»

ስሙንም «አንቱ ባዩ» አለችው።

አንቱ ባዩ በትክክል አራት ሳምንት እየቆጠረ ሲሄድ የመርፌው ቀን በየጊዜው ወደ ኋላ እየሸሸ ከሚካኤል ራቀ። እናቴ ይህ አልገባትም። አንድ ጊዜ በሚካኤል ዕለት ካልሄድሽ ብላ ጨቅጭቃ ላከቻት። የክሊኒኩ ነርስ በሰልፉ ፊት «መልእክት ደርሶሻል? ገና ነው እኮ! ሳይደርስሽ ለምን ትመጫለሽ? ሰዉን አታይም?» አለቻት። እህቴ ፊቷ ቀልቶ ተመለሰች። «ሁለተኛ ሳይጠሩኝ ብሄድ እኔ አይደለሁም!» አለች። እናቴም አልተከራከረችም። ምን ብላ ትከራከር? «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እያለች ሰው ቤት እንዳንገባ፣ ሰው ወሬ ውስጥ እንዳንጠልቅ አድርጋ ያሳደገችን ራሷ ናት። ከዚያ ቀን ወዲያ መርፌውን ለክሊኒኩ ለቀቀችላቸው።

በተከታዩ ክረምት ከክሊኒኩ ጎን ባለ ሱቅ መብረቅ ፍሪጁንም ኮምፒውተሩንም አንድ ላይ አቃጠለ። የክሊኒኩ ኃላፊ፣ ጠንቃቃ ሽማግሌ ሐኪም ናቸው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ሁሉም ነገር ከግድግዳ ተነቅሎ እንዲያድር አዘዙ። የካርድ ክፍሏ ልጅ ታዛዥ ናት፤ ማታ ትነቅላለች፣ ጠዋት ስትገባ ትሰካለች። ሊነጋጋ ሲል ታዲያ ኮምፒውተሩ የለም። መልእክቱ ቆመ። መርፌ የሚወጋው ሰው ቁጥር ሲያንስም ማንም አልደነገጠም። «ክረምት ነው፣ ጭቃው ነው፣ ሰው ቀርቷል» ተባለ።

እኛም ቤት የመልእክቱ መቅረት ችግር መሆኑን ያወቀ አልነበረም። እናቴን ብቻ ስጋትና ይሉኝታ በአንድ ላይ ይታገሏት እንደነበር አስታውሳለሁ። እንጀራ እየቆረሰች ቀና ትልና፣

«ሚካኤል አለፈ እኮ። አልጠሩሽም?»

«ሲጠሩኝ እሄዳለሁ እማዬ።»

የሚቀጥለውም ሚካኤል አለፈ። ያኔ እኔም ገባሁበትና ጠየቅኋት። «አንተ ደግሞ ሐኪሜ ነህ? ሂድና ኮምፒውተርህን ጠግን!» አለችኝ። ስለ ሕመሟ መጠየቅ አትወድም ነበር። ሰው ሲያዝንላት ፊቷ ይዘጋል። ደግሞም ለእሷ የመልእክቱ መቅረት አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ገና ነው ማለት ነው። ሳይጠሩሽ መጣሽ ተብላ ተሰድባለች፤ እንግዲህ ካልጠሩ ቀኑ አልደረሰም። ይህን አስተሳሰብ ከየት አመጣችው የሚል ካለ እኛ ቤት መጥቶ ይደግ።

መስከረም ጠባ፣ ትምህርት ተከፈተ፤ ሕፃናቱ ንፍጣቸውን እያዝረከረኩ መጡ። ጉሮሮዋን አመማት። በዝንጅብልና በማር ተሻላት። ትንሽ ቆይቶ ትኩሳት መጣ፣ ጉልበቷ እንደ ልጅነቷ አበጠ፣ ከዚያ ከቤታችን በር እስከ አስፋልቱ መሄድ አቃታት፤ መሀል ላይ ቆማ ሰው እየጠበቀች እንደሆነ ታስመስላለች። እግሯ ጫማ አልገባ ሲል ያለ ፈቃዷ ባጃጅ ላይ ጭነን ወደ ሆስፒታል ወሰድናት።

የተቀበለችን ወጣት ሐኪም ናት። ልቧን ብዙ አዳመጠች፤ ማዳመጫ መሣሪያዋን አውርዳ አንገቷ ላይ አደረገችና ጠየቀች።

«መጨረሻ የተወጋሽው መቼ ነው?»

እህቴ ወደ እናቴ አየች። እናቴ ወደ መሬት።

«አልጠሩኝም» አለች እህቴ።

ሐኪሟ ያልሰማች መስሏት ደግማ ጠየቀቻት። እህቴም ያንኑ ደገመች። ሐኪሟ ከዚያ ወደ እኔ ነው የዞረችው፤ እንዴት እንዳየችኝ አሁንም አልረሳውም።

በነጋታው ክሊኒኩ ሄድኩ። ልደባደብ ነው የሄድኩት፤ እውነቱን ልናገር። የካርድ ክፍሏ ልጅ ቱላ አካባቢ ያደገች፣ በሲዳምኛ ስልክ እያወራች በአማርኛ ሰው የምታስተናግድ ትሑት ልጅ ናት። ፊቴን አይታ ስልኩን ዘጋችው።

«ማታ ስትወጪ ኮምፒውተሩን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«እነቅላለሁ ጋሼ። ታዘናል።»

«ጠዋትስ?»

«እሰካለሁ።»

«መልእክቱንስ ማን ይልካል?»

«እሱ እኮ ራሱ ነው የሚልከው ጋሼ» አለች፣ እንዴት ይህን አታውቅም በሚል አስተያየት።

ወንበሯን ለቀቀችልኝና ቁጭ አልኩ። ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። ሥራው እንደታዘዘ ቁጭ ብሏል፤ ሰዓቱ አለ፣ ቃሉ አለ። ያቺ «ካመለጠህ እንደበራህ ሥራው» የምታሰኘው ሳጥን ባዶ ናት። ማንን ልምታ? ይህችን ልጅ? የታዘዘችውን አደረገች። ሽማግሌውን? መብረቁን እኔም አይቼዋለሁ፤ እሳቸው ቦታ ብሆን የማዝዘው ያንኑ ነው። ያ አዲስ አበባ ያለው ባለሙያ ማታ ኮምፒውተር የሚነቀልበት ከተማ ሊገጥም መምጣቱን አላወቀም፤ የጠየቀውም የነገረውም የለም። ነርሷ ሰልፍ አስከበረች። እናቴ ልጆቿን ጨዋ አድርጋ አሳደገች። ሁሉም ልክ ነው! እንዲህ ሁሉም ልክ የሆነበት ቦታ ላይ እህቴ መተንፈስ አቅቷታል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጥፋተኛ ፈልጌ አላውቅም፤ አላገኘሁም። ልጅቷ ነገሩ ሲገባት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፣ እኔ ደግሞ ልደባደብ የሄድኩት ሰውዬ ላባብላት ቆምኩ፤ ያቺን ሳጥን እንኳ ሳልነካት ወጣሁ።

ሆስፒታል ተመልሼ ለእህቴ ነገርኳት። መንገድ ላይ ልተወው ወይስ ልንገራት እያልኩ ነበር። ጀርባዋን በትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላለች፤ ተኝታ መተንፈስ አትችልም ነበር።

«ረስተውኝ አይደለማ?» አለች።

ለካስ ያ ነበር ውስጥ ውስጡን የሚያማት። ያቺ የክሊኒኩ ነርስ ከተቆጣቻት በኋላ ከሚጠሩት ሰዎች መሀል ያወጧት መስሏት ነበር። ኮርታ ነው ዝም ያለችው፤ ተከፍታም ነው።

«አልረሱሽም። ማታ ማታ ይነቅሉታል።»

«አንቱ ባዩን?»

«አዎ።»

ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ትንፋሽ አሳጣት፣ የሆስፒታሉ ነርስ ሮጣ መጣችና እኔን አስወጣችኝ። በሩ ላይ ሆኜ ሳያት ኦክስጅኑ ፊቷ ላይ እያለ ዐይኗ ገና እየሳቀ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም።

ስለ ለቅሶው ብዙ አልጽፍም። ድንኳኑ ደጃችን ተተከለ፤ የምታስተምራቸው ሕፃናት በሰልፍ መጥተው ምን እንደሚያደርጉ ስላልገባቸው ያስለመደቻቸውን መዝሙር ጀመሩ። ይዛቸው የመጣችው ሌላዋ አስተማሪ ጮኻ አስቆመቻቸው። ምናለ በተወቻቸው።

አርባዋ ከወጣ በኋላ የክሊኒኩ ኃላፊ እግራቸውን እየጎተቱ ፒያሳ ድረስ መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም። «ልጄ፣ አንተን መጠየቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ» አሉ። «ሌላ ሰው እንዳልጠራ፣ ነገሩን ያየኸው አንተ ነህ። የሌሎቹም ሰዎች ጉዳይ አለ።» ልቆጣቸው ነበር፤ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲቆሙ ቁጣዬ ከዳኝ። የሌላ ሰው እህት አለች፣ የሌላ ሰው ልጅ አለ። ሄድኩ።

ሰዓቱን አወጣሁት። ከእንግዲህ ኮምፒውተሩ ሰዓት አይጠብቅም፤ በተሰካ ቁጥር ስለ እያንዳንዱ ሕመምተኛ «ይህ ሰው ከተወጋ ስንት ጊዜ ሆነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቀኑ የደረሰውን ይጠራል፤ ያለፈበትን ደግሞ አብልጦ ይጠራል። የሚላከውን ቃል ራሴ ጻፍኩት። ቢነቀልም ግድ የለም፤ ሲሰካ ከዚያው ይጀምራል። ልሞክረው ብዬ ያለፈባቸው እነማን እንደሆኑ ሳስወጣ እሷም ወጣች። መሞቷን ለኮምፒውተሩ የነገረው የለም። ለእሱ እህቴ የቀረች ሕመምተኛ ናት። ስሟን ስነካው ምክንያት ምረጥ አለኝ፤ «ሌላ ቦታ ሄዷል»፣ «አቋርጧል»፣ «ሞቷል»። ጣቴን አነሳሁት። አልቻልኩም። በገዛ እጄ ያንን የምነካ ሰው አይደለሁም። ስልኳ መቼም ጠፍቶ አንድ ቦታ ወድቋል አልኩ፤ የካርድ ክፍሏ ልጅ ትሠራዋለች አልኩ፤ ተነሣሁ።

«ማታ ልንቀለው?» አለችኝ ልጅቷ እየፈራች።

«ንቀዪው» አልኳት።

በነጋታው ጠዋት ቤት ነበርኩ። ከእናቴ ጋር ቁርስ ቀርበናል። ከእህቴ ክፍል ስልክ ጮኸ። አንድ ጊዜ፣ የመልእክት ድምፅ። እናቴ ተነሥታ ገባች፤ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ተመለሰች። በርቷል። የእህቴ ፎቶ ከነሳቋ ፊቱ ላይ አለ።

«ይሄ ስልክ እንዴት በራ?» አልኩ።

«እኔ ነኝ የምሰካው» አለች። «መብራት በመጣ ቁጥር እሰካዋለሁ። ከተዘጋማ ፊቷን በምን አየዋለሁ?»

እኔ አላየኋትም ነበር። በየጊዜው መብራት ሲመጣ ተነሥታ ወደዚያ ክፍል የምትገባው ልትጸልይ ይመስለኝ ነበር። ሰዓት የላት፣ ቀን የላት፤ መብራቱ መጣ ሲባል ትነሣለች፣ ስልኩን ትነካዋለች፣ የጎደለውን ትሞላለች። እኔ ክሊኒኩ ቁጭ ብዬ የለፋሁበትን ሥራ እናቴ ቤታችን ውስጥ ሳትሰለች ስትሠራው ኖራለች።

«መነጽሬ ወዲያ ነው። አንብብልኝ» አለች።

ማንበብ አላስፈለገኝም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግን እያየችኝ ነውና አነበብኩላት።

«የመርፌ ቀንዎ አልፏል። እባክዎ ዛሬውኑ ይምጡ።»

እናቴ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰችም።

«ጠሯት?» አለች።

«አዎ እማዬ።»

«ሲጠሩኝ እሄዳለሁ ብላ ነበር እኮ።»

ስህተት ነው፣ ኮምፒውተሩ አያውቅም፣ እያልኩ አንድ ሁለት ነገር ቀባጠርኩ። አልሰማችኝም። ጥቁር ነጠላዋን ከበሩ ኋላ አወረደች። «ተነሥ» አለች። «ተጠርቶ ዝም ማለት ነውር ነው።»

ልከለክላት አልደፈርኩም። ክሊኒኩ ስንደርስ ደጁ ሞልቷል፤ ከክረምቱ ጀምሮ ያልተጠሩት ሁሉ ጠዋት መልእክት ደርሷቸው መጥተዋል። ልጆቻቸውን የያዙ እናቶች አሉ፣ ደብተራቸውን የያዙ ተማሪዎች አሉ። ወደ ውስጥ ልናልፍ እንችል ነበር፤ ልጅቷ ታውቀናለች። እናቴ ግን ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመች። እኔም ከጎኗ። የካርድ ክፍሏ ልጅ በመስኮቱ በኩል ከኮምፒውተሩ ላይ ስም እያነበበች ትጠራለች። አንዱ ይገባል፣ አንዱ ይወጣል። የእህቴን ስም ከነአባቷ ጠራች፤ ከአፏ እንደወጣ ማን እንደሆነች አውቃ አፏን በእጇ ያዘች።

«አቤት!» አለች እናቴ።

ሰዉ ሁሉ ዞረ። እናቴ ቀስ ብላ ወደ መስኮቱ ሄደች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ ሳላየው ነው…» አለች ልጅቷ፣ እንባዋ ወርዷል።

«አይ፣ ለአንቺ አይደለም የመጣሁት ልጄ። ለጠራት ነው።» እናቴ በመስኮቱ አሻግራ ኮምፒውተሩን አየችው። «ብትጠሯት ትመጣ ነበር። አሁን አትመጣም በይው።»

ልጅቷ ያቺን «ሞቷል» የምትለውን ምርጫ ስትነካ እኔ ፊቴን ወደ ደጁ አዞርኩ።

ቤት ስንመለስ መብራት ነበር። እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ ገባችና ስልኩን ሰካችው።